የጠፉ፦ አሥራ አራት

ግማሽ ኪሎ ሚስማር ከሸዋ በር ገዛሁ፣
ለተሰበረው ጎል፤ ይዤው ቤቴ መጣሁ።
ባለሱቁ አሊጋዝ የጠቀለለበት
ያረጀ ወረቀት፣ ዝገት የነካበት፤
መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በሻማ ገለጥኩት፣
ሠንጠረዥ መሆኑን ከመስመሩ አወቅኩት።

አወቅኩት እንዴታ! ሃያ ሁለት ዓመት
ሆጤ ሜዳ ጥግ ላይ፣ ካፖርት ደርቤ፣ ብርድ ላይ ስጎለት፣
ተጫወተ፣ አሸነፈ፣ አቻ፣ ተሸነፈ፤
ይኸው እጅ አይደል ወይ የየሰፈሩን ዕጣ የጻፈ?

ቋንቋው የሰው አገር፤ ዘመኑ ከአናቱ፤
አንድ፣ ዘጠኝ፣ አንድ... አራተኛይቱ
አኃዝ ግን የለችም፤ ሚስማር በስቷታል።
"ሞንቴቪዴዮ" ይላል። እሷንስ ጆሮዬ ያውቃታል፤
በአባቴ ሬዲዮ፣ ከጩኸቱ መሐል፣ አንዴ ሰምቻታል።

ማግስቱን ወረድኩኝ፣ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ዘገዬ ጋራዥ።
ጣልያንኛ የለመደ፣ ከፊያት ሞተር ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ፤
ስድቡ ጥርት ያለ፣ ንባቡ ግን እንደ ጭነት መኪና፣ ዳገት ላይ ተቸግሮ።
"የአክስቱ ልጅ እንጂ ጣልያንስ አይደለም" አለኝ፣
ግሪስ በጠጣ ጣት ዓምዱን እየነካ ተረጎመልኝ፦
"እኒህ የተጫወቱት። እኒህ ያሸነፉት።
እኒህ አቻ የወጡት። እኒህ ደግሞ..." ቆመ። "እኒህ ደግሞ፣ የጠፉት።"

"የተሸነፉት ነው።"
"ቃሉ የሚለው 'ጠፋ' ነው" አለ።
"እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው።"

ከግርጌ ያለ ቡድን፣ ስሙ የተቀደደ፣
አንድ "ኦ" ብቻ የቀረው፣ እንደ ኳስ ተንከባሎ ከመስመር የወረደ፤
ተጫወተ አሥራ አራት። አሸነፈ ባዶ። አቻ ባዶ።
ጠፋ፦ አሥራ አራት።

ሐረጎን ስወጣ፣ በሚኒባሱ መስኮት ጉም እየገባብኝ፣
ይህ ጥያቄ ነበር ቲኬት ሳይቆርጥ አጠገቤ የተሳፈረብኝ፦
አሥራ አራት ጨዋታ የት ይጠፋል? የቱ ጥሻ ውስጥ?
ወይስ ከዘመን ኪስ፣ ሰው ሳያየው፣ እንደ ሳንቲም ሲያመልጥ?

የዓለም ግርጌ ነው አሉ አገራቸው፤
ሰኔያቸው ብርድ ነው፣ ጭቃ ሐምሌያቸው።
እንግዲያ እንደኛ ነው።
በረኛው ታየኝ፤ ጫማ ሰፊ ይመስለኛል፣
መርፌ የወጋው አውራ ጣቱ ኳስ ሲይዝ ያመዋል።
ያኛው ሽንኩርት አራጋፊ፣ ከመርከብ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ሜዳ የሚደርሰው እንቅልፉን ይዞ ነው፣ በቅጡ ሳይነቃ።
ይገባኛል የመጀመሪያው እሁድ፤ ሰባተኛውም ይሁን።
አሥራ ሦስት ጠፍቶባቸው ሳለ፣ አሥራ አራተኛውን
ማን ቀሰቀሳቸው? ማን አጠበላቸው ማሊያውን?

እኛም አሉን፣ የቧንቧ ውሃ ልጆች፣ ዘንድሮ ነጥብ ያልቀመሱ፤
አምበላቸው ኑርዬ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዱቄት አለ ከቅንድቡ፣ ከልብሱ።
ሰኞ ዕለት ቾክ ይዤ ከመጋዘኑ ግድግዳ ቆምኩ፣
"ተሸነፈ"ን አጥፍቼ፣ "ጠፋ" ብዬ ጻፍኩ።
"አያ ይማም፣ ተሳስተሃል" አለኝ ኑርዬ።
"የተጻፈውን አንብብ" አልኩት፣ እንደ ጋሽ ዘገዬ።
ሳቀብኝና ሄደ።
ጥግ ሲደርስ ግን ዞረ፤ አየው፣ ደግሞ አየው።

እሁድ፣ የመጨረሻው ቀን። ጎሉ ቆሟል፤ አግዳሚው ትንሽ ዘሟል፤
ጦሳ እርጥብ ጉሙን ሜዳው ላይ ጥሏል።
ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ፣ ሚስማር የበሳውን፣
በዚያች በጠፋች ዓመት ቦታ፣ ከዓይኔ አስጠጋሁ ቀዳዳውን፤
ቆጠርኩ በሷ ውስጥ፣ ከጉሙ የሚወጡትን፣
አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ካልሲ እየሳቡ የሚሮጡትን።

ዘጠኝ ናቸው።
ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ።
"ጠብቅ" አልኩት፣
"ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው።"